ቅርንጫፎች ሲበዙ፦ የኦንላይን ሱቅ ተዋረድ በአዲስ አበባ ዳርቻ

አንድ የፊኒሺንግ ዕቃ መሸጫ አያት ላይ ተከፈተ እንበል። ሴራሚክ፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ የበር እጀታ ይሸጣል። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ሰዎች ቁልፍ ተቀብለው ቤታቸውን ማስጨረስ ሲጀምሩ ሥራው ደራ። ባለቤቶቹ ገላን ላይ ሁለተኛ ከፈቱ። ቀጥሎ ጀሞ፣ ከዚያ ለገጣፎ፣ ከዚያ ሱሉልታ። ቃሊቲ ላይ ደግሞ መጋዘን ተከራዩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በስልክና በቴሌግራም ይሠራ ነበር። በመጨረሻ ኦንላይን ሱቅ አሠሩ።

ድረ ገጹ ላይ ስድስቱም ቦታዎች አንድ ላይ ተደርድረዋል። የትኛው የማን እንደሆነ፣ የትኛው ለማን እንደሚያደርስ የሚናገር ነገር የለም። ሰሚት የምትኖር ደንበኛ ሴራሚክ መረጠች። ገጹ «አለ» አላት። በቴሌብር ከፈለች። ከሰዓት በኋላ ተደወለላት። «እህቴ፣ ዕቃው ያለው ገላን ነው። ማድረሻው ትንሽ ይጨምራል።» እሷም «ታዲያ ለምን አለ አላችሁኝ?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ጥፋቱ ግን የደወለው ልጅ አይደለም። ሱቁ ቦታዎቹን የደረደረበት መንገድ ነው እንዲህ ያለ መልስ የሚያስሰጠው። ቦታዎችን በእርከን ማስቀመጥ፣ አንዱን ከሌላው ሥር ማድረግ፣ ማለትም ተዋረድ መሥራት ያስፈልግ ነበር። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሲሠራ ግን ብዙ ሱቆች እዚሁ ላይ ይወድቃሉ፤ በተለይ እንደኛ ዳር ከተማ ላይ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉ ቅርንጫፎች መደራጀት ያለባቸው በክፍለ ከተማና በወረዳ አይደለም። ዕቃና ሰው በሚመላለስበት መንገድ ነው።

ተዋረድ ማለት ምን ማለት ነው?

ሕጉ አጭር ነው። እያንዳንዱ ቦታ አንድ የቅርብ የበላይ አለው። ከሁሉም በላይ ያለው ብቻ የበላይ የለውም። ገላን ቅርንጫፍ ከአንድ መስመር፣ ማለትም ከአንድ የከተማ መውጫ መንገድ ሥር ነው፤ መስመሩ ከሱቁ ሥር ነው። አበቃ።

እዚህ ላይ መለየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው እውነተኛ ቦታ ነው። በር አለው፣ ሻጭ አለው፣ ዕቃ ተቀምጦበታል። ሌላው የስብስብ ስም ነው። «የደብረ ዘይት መስመር» ብትሉ ገብታችሁ የምትገዙበት በር የለም። ሌሎችን አንድ ላይ ለመያዝ የተሰጠ ስም ነው። ኦዱ የሚባለው የሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ይህን በደንብ ለይቶታል። ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ሌሎችን ለመሰብሰብ ብቻ የሚያገለግል፣ ዕቃ የማይቀመጥበት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የምትጠቀሙት ሶፍትዌር ይህን ባይለይላችሁ እንኳ እናንተ ለዩት። ካልለያችሁት አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ 50 ካርቶን ሴራሚክ «የጅማ መስመር» ላይ ይመዘግባል። ያ ዕቃ የት እንዳለ ማንም አያገኘውም።

ወሰን ይቀየራል፣ በር አይቀየርም

ተዋረድ ሥሩ ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚመጣለት የመንግሥት አወቃቀር ነው። ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ። ዝግጁ ነው። ሁሉም ያውቀዋል። ቅጽ ላይ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ሱቁ ፒያሳና ሜክሲኮ ብቻ ቢሆን ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ዳርቻው ላይ ግን ያስቸግራል።

አንደኛ፣ ወሰኑ ይቀየራል። አዲስ አበባ ለዓመታት 10 ክፍለ ከተሞች ነበሯት። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛው ሆኖ ተጨመረ። የተዋቀረው ከቦሌና ከየካ በተወሰዱ አካባቢዎች ነው። አያትና ሰሚት ባሉበት ቁጭ ብለው ክፍለ ከተማቸው ተቀየረ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ የአስተዳደር ወሰን በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ተለየ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሰበታ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። በፊት ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች የነበሩት የአንድ ከተማ አካል ሆኑ።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህ ሁሉ ሆነ። ተዋረዳችሁ የአስተዳደር ወሰንን የተከተለ ቢሆን ኖሮ ደጋግሞ ሊፈርስና ሊሠራ ነበር። አንድም ሱቅ ቦታ ሳይቀይር፣ አንድም መደርደሪያ ሳይነሳ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ወሰኑ ጎረቤታሞችን ይለያል። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ የሚኖሩ ሰዎች አንድ ገበያ ይገናኛሉ። በአስተዳደር ግን አንዱ ሸገር፣ ሌላው አዲስ አበባ ነው። ድረ ገጹ ደንበኛውን መጀመሪያ «ሸገር ወይስ አዲስ አበባ?» ብሎ ከጠየቀው ሁለት መቶ ሜትር ማዶ ያለውን ሱቅ ሊደብቅበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ክፍለ ከተማ ለማድረሻ በጣም ሰፊ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ብትሉ ጎፋም እዚያው ነው፣ ጀሞም እዚያው ነው። ለሁለቱ አንድ የማድረሻ ዋጋ አውጥቶ የሚያዋጣው ነጋዴ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይህን ስል የአስተዳደር አድራሻውን ጣሉት እያልኩ አይደለም። ያስፈልጋል፤ ለሕግ ጉዳይ የግድ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለ ቅርንጫፍና ሸገር ያለ ቅርንጫፍ የሚገናኙት ከተለያዩ የንግድና የገቢዎች ቢሮዎች ጋር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ክፍለ ከተማውንና ወረዳውን እንደ መለያ ጻፉት። መለያ ከተዋረድ የሚለየው ሲቀየር ሌላ ነገር ይዞ አለመነሳቱ ነው። ወረዳ 9 የነበረው ወረዳ 13 ሲሆን አንድ ቃል ታርማላችሁ። ዋጋው፣ ክምችቱ፣ የማድረሻ ስሌቱ ባለበት ይቀጥላል።

አምስቱ መውጫዎች

ታዲያ በምን እንደርድር? አዲስ አበባ አምስት ትልልቅ መውጫዎች አሏት። ታክሲ የሚጠቀም ሁሉ ያውቃቸዋል። የደብረ ዘይት መውጫ በቃሊቲ አልፎ ገላንና ዱከም ይደርሳል። የጅማ መውጫ ላይ ዓለም ገናና ሰበታ አሉ፤ ጀሞም ወደዚያው ነው። በአምቦ መውጫ ቡራዩና ሆለታ። በጎጃም መውጫ ሱሉልታ። በደሴ መውጫ ኮተቤ፣ ካራ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፤ አያትም ጣፎ ላይ ከዚያው ይገናኛል።

ዳር ከተማ ላይ የሰው ኑሮ እነዚህን መንገዶች ተከትሎ ነው የተዘረጋው። ሰበታ ያለ ሰው ዕቃ ሲጎድልበት ወደ ጀሞ ያያል እንጂ ወደ ቡራዩ አያይም። ሱሉልታ ያለ ሰው ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። ለገጣፎ ያለው ወደ ካራ ወይም ወደ አያት ይመጣል። ሱሉልታና ለገጣፎ ሁለቱም ሰሜን በኩል ናቸው። በካርታ ላይ በማስመሪያ ብትለኩ ብዙም አይራራቁም። በመሃላቸው ግን የእንጦጦ ሰንሰለት አለ። ሴራሚክ የጫነ አይሱዙ በአብዛኛው ወደ ከተማው ወርዶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ በሌላኛው በር ነው የሚወጣው።

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። ለኦንላይን ሱቅ የሚሸጡ ብዙ «ቅርብ ቅርንጫፍ ፈልግ» የሚሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ርቀት የሚያሰሉት በቀጥታ መስመር ነው። የሁለቱን ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይወስዳሉ፣ መሃላቸውን ይለካሉ። ተራራ አያውቁም። የድልድይ መዘጋት አያውቁም። ዳር ከተማ ላይ ብቻቸውን ከተተዉ ደንበኛውን ወደተሳሳተ በር ይልኩታል። መስመሩን በተዋረዱ ውስጥ ካስገባችሁ ግን መጀመሪያ በመስመር ያጣራሉ። ርቀት የሚለኩት እዚያው መስመር ውስጥ ባሉት መካከል ብቻ ይሆናል። ያኔ ስሌታቸው ይጠቅማል።

የገንዘብም ጉዳይ አለው። ከቃሊቲ መጋዘን የተነሳ አንድ መኪና የገላንን ትዕዛዝ አራግፎ ዱከም ይቀጥላል። አንድ ነዳጅ፣ አንድ ሹፌር፣ ብዙ ደንበኛ። ትዕዛዞች በመስመር ከተሰበሰቡ ጠዋት ላይ የጭነት ዝርዝሩ ራሱን በራሱ ይወጣል ማለት ይቻላል። በክፍለ ከተማ ከተሰበሰቡ ግን አንድ ሰው ተቀምጦ እንደገና በመንገድ መደርደር አለበት።

ጎሮን ምን እናድርገው? ጎሮ ወደ አያትም ወደ ኮዬም ይቀርባል። ሁለት የበላይ ልንሰጠው አንችልም። ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ተዋረዱን መጠማዘዝ ይጀምራሉ። አትጠምዝዙት። «ቅርንጫፉ ከማን ሥር ነው?» እና «ቅርንጫፉ ለማን ያደርሳል?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ተዋረዱ ይመልሳል፤ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ለብቻው የተያዘ ዝርዝር ይመልሳል። «ጎሮ፦ መጀመሪያ አያት፣ ካልተገኘ ኮዬ» ብሎ የሚጽፍ ዝርዝር ይሁን። እዚያ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ቅርንጫፍ በቅደም ተከተል ማስገባት ትችላላችሁ። የመግቢያዋ ደንበኛችንም የሚያስፈልጋት ይህ ነበር። ሰሚት የሚለው ስም ዝርዝሩ ላይ ቢኖር ኖሮ ገጹ መጀመሪያ አያትን ይጠይቅ ነበር። እዚያ ሲያጣ «ገላን አለ፣ ማድረሻው ይህን ያህል ነው» ብሎ ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት ይነግራት ነበር።

ስንት እርከን ይበቃል?

ለአብዛኛው ሱቅ ሦስት። ሱቁ፣ መስመር፣ ቅርንጫፍ። ቅርንጫፎቹ ሃያና ሠላሳ ከደረሱ በመስመርና በቅርንጫፍ መካከል አካባቢ የሚባል ይጨመር። ከዚያ በላይ ስትሄዱ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህ እርከን ምን ይወስናል? ዋጋ ይለያል? የማድረሻ ክፍያ ይለያል? ኃላፊ አለው? ከእነዚህ አንዱንም ካልወሰነ እርከን አይደለም፤ መለያ ነው። ሥሩ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ያለው እርከንም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ሁለተኛው ሲከፈት ያኔ ይጨመራል።

መዝገቡ ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?

ይህ ክፍል ለሠሪው ነው። ባለቤቱም ቢያነበው ግን ከሠሪው ጋር ሲነጋገር ይጠቅመዋል።

በጣም የተለመደው ዘዴ እያንዳንዱ ቦታ የራሱን ቁጥርና የበላዩን ቁጥር እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሱቁ 1 ነው፤ የበላይ ቁጥሩ ባዶ ነው። የደብረ ዘይት መስመር 4 ነው፤ የበላዩ 1። ገላን 17 ነው፤ የበላዩ 4። አንድ ቅርንጫፍ ከመስመር ወደ መስመር ቢዛወር የምትቀይሩት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከሥሩ ያሉት ሁሉ አብረውት ይሄዳሉ። አንድ አደጋ አለ። በስህተት የደብረ ዘይት መስመር የበላይ 17 ተብሎ ቢጻፍ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠራራሉ፤ ፍለጋውም ማለቂያ ያጣል። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት «አዲሱ የበላይ ከራሱ ሥር ያለ ነው ወይ?» ብሎ የሚያጣራ ነገር መኖር አለበት።

ድሮ የዚህ ዘዴ ድክመቱ «ከ4 ሥር ያሉትን በሙሉ አምጣ» ማለት አስቸጋሪ መሆኑ ነበር። እርከን በእርከን መጠየቅ ይጠይቅ ነበር። አሁን የመረጃ ቋቶቹ ራሳቸው እየተመላለሱ ይጠይቃሉ። ፖስትግሬኤስኪውኤል ይህን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይችላል። ማይኤስኪውኤል ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው 8.0 ስሪቱ ጀመረ። የምትከራዩት ሰርቨር ላይ አሮጌ ማይኤስኪውኤል ካለ ይህን ቀድማችሁ እዩት።

ሁለተኛው ዘዴ እያንዳንዱ ቦታ ከላይ ጀምሮ ሙሉ መንገዱን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ገላን «1/4/17/» ተብሎ ይጻፋል። በ«1/4/» የሚጀምረውን ሁሉ ፈልግ ስትሉት የመስመሩ ቦታዎች በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ፈጣን ነው። ቅርንጫፍ ሲዛወር ግን ከሥሩ ያሉት ሁሉ መንገዳቸው እንደገና ይጻፋል። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉት። መንገዱ በስም ሳይሆን በቁጥር ይጻፍ፤ ስም ይቀየራልና። መጨረሻው ላይም ያዘመመችው መስመር (/) አትቅር። «1/4» ብሎ የሚፈልግ ፕሮግራም «1/41»ንም ያመጣል። «1/4/» ሲባል ግን ይለየዋል። በዚህች አንዲት ምልክት ምክንያት የሌላ መስመር ክምችት ሪፖርት ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ኦዱ ሁለቱንም ይይዛል፤ የበላዩን ቁጥርም መንገዱንም። ለጥቂት አሥር ቅርንጫፎች የትኛውም ይበቃል። በዚህ ላይ ሳምንታት መከራከር አያስፈልግም።

ባዶ እና ዜሮ አንድ አይደሉም

ተዋረድ ዋናው ጥቅሙ ውርስ ነው። ስድስት ቅርንጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ስልክ፣ አንድ ዓይነት የመመለሻ ደንብ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት መጻፍ የለባችሁም። ከላይ አንድ ጊዜ ትጽፋላችሁ። ቅርንጫፉ ላይ ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ የበላዩን ይጠይቃል። እሱም ባዶ ከሆነ የእሱን የበላይ ይጠይቃል። ቅርንጫፉ የተለየ ነገር ካለው ብቻ የራሱን ይጽፋል። ሱሉልታ ቅርንጫፍ እሁድ ጠዋት የሚከፍት ከሆነ እሱ ላይ ብቻ ይጻፍ።

የማድረሻ ክፍያ ላይ የሚመጣ ስህተት አለ፤ አጥብቄ የማስጠነቅቀውም ስለሱ ነው። ባዶ ማለት «የበላዬን ጠይቁ» ማለት ነው። 0 ማለት «በነፃ አደርሳለሁ» ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱን ካምታታ ወይ በነፃ የተባለው ደንበኛ ይከፍላል፣ ወይ ክፍያው ያልተሞላለት ቅርንጫፍ ዱከም ድረስ በነፃ ያደርሳል። ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት ይህን በእጃችሁ ሞክሩት። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ባዶ ተዉ፣ ሌላው ላይ 0 ጻፉ፣ ከዚያ ሁለቱንም አዝዙ።

ሰዓትም የራሱ ጣጣ አለው። ደንበኛችን «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት» ሲባል ይገባዋል። ኮምፒውተሩ ግን 08:00 እና 19:00 ብሎ ነው መያዝ ያለበት። መዝገቡ ውስጥ አንድ ዓይነት ብቻ ይቀመጥ። ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀየረው ሲታይ ብቻ ይሁን። አንዱ ቅርንጫፍ 2፣ ሌላው 8 ብሎ ከሞላ ገጹ ንጋት ላይ «ክፍት ነው» እያለ ሰው ይጠራል።

ክምችት የሚቆጠረው በር ያለው ቦታ ላይ ነው

የመስመር ክምችት የሚባል ነገር መመዝገብ የለበትም። የሚመዘገበው የቅርንጫፉና የመጋዘኑ ነው። የመስመሩ ከእነሱ ይደመራል። በእጅ የሚሞላ ድምር ከቅርንጫፎቹ ጋር አንድ ቀን ይለያያል፤ ያኔ የትኛው እውነት እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ድምሩንም ለደንበኛ ተስፋ አድርጋችሁ አትስጡ። ምሳሌው ሴራሚክ ይሁን። 60 በ60 ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ ካርቶኑ 4 ፍሬ ይይዛል፤ 1.44 ካሬ ማለት ነው። 40 ካሬ ቤት የሚያነጥፍ ሰው 28 ካርቶን ይፈልጋል። ለብልሽት የሚጨመረውን እንተወው። አያት 16 አለ፣ ገላን 14 አለ። ድምሩ 30 ነው። ገጹ «አለ» ይላል። ነገር ግን የአያቱና የገላኑ በተለያየ ጊዜ የተመረቱ ከሆኑ ቀለማቸው ትንሽ ይለያያል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የምርት ቁጥርም ለዚህ ነው። ሳሎኑ መሃል ላይ ቀለሙ ከተለወጠ ደንበኛው ይመልሰዋል። እውነቱም ከእሱ ጋር ነው።

ስለዚህ እንዲህ ላለ ዕቃ ክምችት በቅርንጫፍ ብቻ ሳይሆን በምርት ቁጥርም መያዝ አለበት። ገጹ «አለ» ማለት ያለበት ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ የምርት ቁጥር ሲሟላ ነው። ሚስማርና ሲሚንቶ ላይ ይህ ጭንቅ የለም። ከሁለት ቦታ ቢሰበሰብም ችግር አያመጣም።

ሌላ የሚረሳ ነገር፤ ትዕዛዝ ሲገባ የታዘዘው መጠን ወዲያው ከሚሸጠው ላይ መያዝ አለበት። ሱቁ ውስጥ ያለው ሻጭ ያንኑ ዕቃ በሩ ላይ ለቆመ ሰው ሊሸጠው ይችላል። ኦንላይን የከፈለው ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት እየደወለ ሲለምን ማየት ያሳዝናል።

ደንበኛው የሚያየው

ደንበኛው ተዋረዱን ማየት የለበትም። እሱ የሚያውቀው የሰፈሩን ስም ነው። «የት ነዎት?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ሰፈሩን ይጻፍ። ከዚያ መስመሩን ራሱ ሱቁ ይወቀው።

እዚህ ላይ ፊደላችን ትኩረት ይፈልጋል። አንዱ ሰሚት፣ ሌላው ሠሚት ይጽፋል። ሃይሌ ጋርመንት፣ ኃይሌ ጋርመንት፣ ሐይሌ ጋርሜንት ሁሉም ይመጣል። ፍለጋው ሀን፣ ሐንና ኀን እንደ አንድ፣ ሰንና ሠን እንደ አንድ፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀንም እንደዚያው አድርጎ ማየት አለበት። ፕሮግራመር በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። ባለመሠራቱ ግን ሰው ያለውን ሱቅ «የለም» ይባላል። ሁለት ስም ያላቸው ቦታዎችም አሉ። ቢሾፍቱ ብሎ የሚፈልግም ደብረ ዘይት ብሎ የሚፈልግም አንድ ቦታ ማግኘት አለባቸው። ጀሞ 1፣ ጀሞ 2 እና ጀሞ 3 ደግሞ በቁጥር የተለያዩ ናቸው፤ ቁጥሩን የሚጥል ፍለጋ ሰውን ያሳስታል።

አድራሻ ሲሞላም ቤት ቁጥርን ግዴታ አታድርጉ። አዲስ የደረሱ ብሎኮች ላይ የሚታወቀው «ብሎክ 214፣ 3ኛ ፎቅ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ» ነው። ምልክት የሚጻፍበት ሰፊ ቦታ ይኑር። ስልክ ቁጥር ግን ግዴታ ይሁን፤ ሹፌሩ መደወሉ አይቀርም።

የተዘጋጁ ሶፍትዌሮች የት ድረስ ይሄዳሉ?

ሾፒፋይ፣ ማጀንቶና ዉኮሜርስ የኦንላይን ሱቅ መሥሪያ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሾፒፋይ ብዙ ቦታ መመዝገብ ያስችላል። ክምችትም ለየቦታው ይይዛል። ቦታዎቹ ግን በአንድ ረድፍ ያሉ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ሥር ማድረግ አይቻልም። መፍትሔው ስም ላይ መስመሩን ማስቀደም ነው። «ጅማ - ጀሞ»፣ «ጅማ - ሰበታ» ብትሉ ቢያንስ አንድ ላይ ይሰለፋሉ።

ማጀንቶ ላይ ሦስት እርከን ታገኛላችሁ። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ለቅርንጫፎቻቸው የተሠራ ይመስላቸዋል። አይደለም። እነዚያ እርከኖች የተሠሩት ለመሸጫ ገጾች ነው፤ ለምሳሌ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በአፋን ኦሮሞ እንዲሆን። ዕቃ የሚገኝባቸውን ቦታዎች ለየብቻ መያዝ የተጨመረው በ2018 እ.ኤ.አ. በ2.3 ስሪቱ ነው። ቅርንጫፋችሁን እዚያ ነው ማስገባት ያለባችሁ።

ዉኮሜርስ ላይ የማየው ትልቁ ስህተት ቅርንጫፍን እንደ ዕቃ ምድብ ማስገባት ነው። ምድብ ከምድብ ሥር ስለሚገባ ይመቻል። ውጤቱ ግን ያንኑ ሴራሚክ ስድስት ጊዜ መመዝገብ ይሆናል። ዋጋ ሲጨምር ስድስት ቦታ ይታረማል፤ አንዱ ይረሳል። ዕቃው አንድ፣ ያለበት ቦታ ብዙ መሆን አለበት። የማድረሻ ቀጠናውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ቀጠናዎቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ መጀመሪያ የገጠመውን ይይዛል። ስለዚህ ጠባቡ ከላይ፣ ሰፊው ከታች ይሁን። «ኢትዮጵያ» የሚለው ከላይ ከሆነ «ገላን» መቼም አይደረስበትም። ከክልል በታች ለመለየት የሚጠቀመው ደግሞ ፖስታ ኮድን ነው። እኛ አገር ደንበኛ ዕቃ ሲያዝዝ ፖስታ ኮድ አይጽፍም። የሰፈር መምረጫ ለብቻው ማሠራት ግድ ይላል።

ቅርንጫፍ ሲዘጋ

የቅርንጫፉ ገጽ ማስፈንጠሪያ ውስጥ የመስመሩን ወይም የክፍለ ከተማውን ስም አታስገቡ። አጭር ስሙ ብቻ ይበቃል። ማስፈንጠሪያው ቴሌግራም ላይ ይዞራል፣ ቢዝነስ ካርድ ላይ ይታተማል። ተዋረዱ ሲቀየር እሱ መሞት የለበትም።

ኪራይ ጨምሮ፣ ወይም መንገድ ሲሠራ ሕንፃው ተነሥቶ፣ አንድ ቅርንጫፍ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ከመዝገቡ አታጥፉት። «ተዘግቷል» የሚል ምልክት ስጡት፤ ከደንበኛው ዓይን ይሰወር። ካጠፋችሁት ያለፈው ዓመት ሽያጭ የማን እንደነበረ ይጠፋል፤ የግብር ሒሳብ ሲጠየቅም ያስቸግራል። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ላይም የቅርንጫፉ ስም፣ ዋጋውና የማድረሻ ክፍያው በዚያን ቀን እንደነበሩ ተገልብጠው ይቀመጡ። መዝገቡ የዛሬውን ስም ብቻ እያየ ካሳየ፣ ከጀሞ የተገዛ ዕቃ ከዓመት በኋላ ከሰበታ የተሸጠ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከሥሩ ሌላ ቦታ ያለውን እርከን ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ የበታቾቹን ወደ ሌላ የበላይ አዛውሩ። የአምቦ መስመር ተዘጋ ተብሎ ምልክት ሲደረግበት ቡራዩ ያለው ሱቅ አብሮ ከገጹ እንዳይጠፋ። ሻጩ በሩን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ደንበኛው ግን አያየውም።